ከመራራው በኋላ አንድ ላክሪስ

ስቫላን ባለፈው ሳምንት ስንለያት ጉንጯ በደስታ ቀልቶ ነበር። ዛሬም ቀልቷል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

አዲስ ለመጣ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ልንገረው። ስቫላ በምሥራቅ አይስላንድ፣ ተራራና ባሕር መካከል በተሸጎጠች የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ናት። እናቷ ሩና ዕድሜዋን በአስግሪም የዓሣ ፋብሪካ ቢላ ይዛ ዓሣ ስትሰነጥቅ የጨረሰች ሴት ናት። አስግሪም አንድ ቀን የማጥመድ ፈቃዳቸውን ለሌላ ከተማ ሰዎች ሸጡና ፋብሪካው ተዘጋ። እሳቸው ከነሀብታቸው ቀሩ፣ ሩናና ጓደኞቿ ቢላቸውን ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ። ቀን ሲገለበጥ ደግሞ ያው አስግሪም ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ፣ የሩና ልጅ በምትሠራበት ቤት አልጋ ያዙ። አባቱን ሊጦር ከዋና ከተማው የመጣው ልጃቸው ኮልበይን ስቫላን አየ፣ ወደዳት። እሷም ወደደችው። ልብ ሲሄድ እናትን አያስፈቅድም።

ኮልበይን ታዲያ በክረምቱ ድግስ ከእኔ ጋር ተቀመጪ ብሏት ነበር። በዚያ ድግስ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምግቡን በራሱ የእንጨት ገበታ ይዞ ይመጣል። አንዲት ሴት ከማን ገበታ እንደቆረሰች ያየ ከተማ እስከ ማግስቱ ድረስ በወሬ ቀለበት አስሮላት ያድራል። ስቫላ ይህን እያወቀች ነው እሺ ያለችው።

ከዚያ ሰኞ ጠዋት መጣ።

አስግሪም ቅዳሜና እሑድን ከልጃቸው ጋር እቤታቸው፣ ወደቡን ቁልቁል ከሚያየው መስኮታቸው አጠገብ አሳልፈው ተመልሰው ነበር። ስቫላ የልባቸውን ክኒን ይዛ ገባች። ይህ ክኒን ሲመጠን ያድናል፣ ትንሽ ሲያልፍ ይገድላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ ጠባብ ነው። ስለዚህ ማንም ነርስ ልብ ሳያዳምጥ አይሰጠውም። ስቫላም እንደ ልማዷ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። የልባቸው ምት ከስልሳ በታች ከወረደ ክኒኑ አይሰጥም። የአስግሪም ልብ ሃምሳም አልሞላ፤ ያውም እየተንገዳገደ። የጠዋቱን ገንፎም አስመልሰውታል።

ክኒኑን ወደ ብልቃጡ መለሰችና ሐኪም ጠራች። ቀትር ሳይሆን አስግሪም ጎረቤት ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ተወሰዱ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደውሎ፣ የደማቸው ፖታሲየም እጅግ መውረዱን፣ የልብ ክኒኑ መርዝ ሆኖባቸው እንደነበር ተናገረ። ነገሩ ለነርሶቹ ግልጽ ነው። አስግሪም እግራቸው እንዳያብጥ የሚያሸና ክኒን ይወስዳሉ፤ ያ ክኒን ከሽንቱ ጋር ፖታሲየም የሚባለውን ጨው ያጥባል፤ ጨው ሲጎድል ደግሞ የልቡ ክኒን፣ መጠኑ ሳይጨምር እንኳ፣ ልብን ይነክሳል። የሚጎድለውን ለመተካት ነው መራራው ሽሮፕ ጠዋትና ማታ የሚሰጣቸው። ስለዚህ ወይ ክኒኑ ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል፣ ወይ ሽሮፑ ተዘሏል። ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የነርሶቹ ኃላፊ ቶርዲስ ኮልበይንን ኮሪደሩ ላይ አስቆመችው። ስቫላም አጠገቧ ነበረች።

"ልጠይቅህ ነው፣ አትቀየመኝ" አለች ቶርዲስ። "እሑድ የልቡን ክኒን ሁለት ጊዜ ሰጥተሃቸው ይሆን?"

"አንድ ጊዜ ነው የሰጠሁት።" ትንሽ አሰበ። "አንድ ጊዜ ይመስለኛል።"

"ሽሮፑንስ?"

"ሰደበኝ እንጂ ጠጥቶታል።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም... እኔ እንጃ፣ ፊቱን አዙሮ ነበር።"

ቶርዲስ ወደ ስቫላ ዞረች። "ዓርብ ሲወጡ እንዴት ነበሩ?"

"ደህና ነበሩ" አለች ስቫላ። "ከዚህ ሲወጡ ደህና ነበሩ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ ገና ከከንፈሯ ሳይርቅ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረጋት። ምን እንደሆነ ግን ቆም ብላ አላየችውም፤ ድንጋጤም ነበረባት፣ የአለቃዋ ዓይንም ነበረባት። ኮልበይን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። የቁጣ ዓይን አልነበረም፤ ያመነ ሰው ዓይን ነበር። እሷ ካለች እውነት ነው ብሎ፣ በአባቱ ላይ ያን ያህል ጥፋት መሥራቱን እዚያው ቆሞ ተቀበለ።

"እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እቤት ይሂዱ ብዬ መፍቀድ አልችልም" አለች ቶርዲስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አዝናለሁ።"

"ልክ ነሽ" አላት ኮልበይን። "እኔ ብሆንም አልፈቅድም።"

በማግስቱ የሻይ ክፍሉ ውስጥ ስሟ በክሬም የተጻፈበት ኬክ ጠበቃት። ቶርዲስ ነርሶቹን ሰብስባ፣ "የልቡን ምት ሳትቆጥር ያችን ክኒን ሰጥታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሬሳ ነበር የምንገንዘው" አለች፤ አጨበጨቡላት። ስቫላ ኬኩን በላች።

ሐሙስ አስግሪም ድነው ተመለሱ። ቀጥነዋል፣ ምላሳቸው ግን እንደተሳለ ነው።

"መጣሽ፣ የሩና ልጅ? ያንን የሰይጣን ሽንት ይዘሽ?"

"ይዣለሁ። አፍንጫዎን ይያዙና በአንድ ትንፋሽ።"

ጠጡ። ፊታቸው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተኮማተረ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። "በይ ሙሽራዬን አምጪ።"

ሙሽራዬ የሚሏት ላክሪስ ናት፤ ከጣፋጭ ሥር ተቀቅሎ የሚሠራ፣ በዚያ አገር ሕፃን ጥርስ ሳያወጣ የሚለምደው ጥቁር ከረሜላ። ከረሜላ በግማሽ ዋጋ በሚሸጥበት ቅዳሜ ኮልበይን አንድ ከረጢት ይገዛና ለስቫላ ይሰጣት ነበር። ይህን መቀባበል እንደ ሰበብ አድርገው ነው መጀመሪያ መነጋገር የጀመሩት። እሷም ከመራራው ሽሮፕ በኋላ ሁሌ አንድ ታቀብላቸዋለች፤ ሲያባብሏት ሁለት፤ ማታ ደግሞ እንዳይከፋቸው ብላ ጥቂት ትራሳቸው ሥር ታስቀምጣለች። ሽሮፑን እምቢ ይሉ የነበሩት ሽማግሌ በላክሪስ ምክንያት ጠጪ ሆኑ፤ ቶርዲስም ዘዴዋን አድንቃ በመድኃኒት ጋሪው ላይ ላክሪስ የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን አኑራ ነበር።

ስቫላ እጇን ኪሷ ከተተች። ጣቶቿ ጥቁሯን ከረሜላ ይዘው ወጡ፤ መንገድ ላይ ቆሙ።

ታውቀው ነበር። ችግሩ ይኸው ነው፤ ያላወቀችው ነገር አልነበረም። የላክሪስ ሥር ፖታሲየምን ከደም ያባርራል፤ ይህን ተምራ ተፈትናበታለች። አምና ለልምምድ ለመጡ ተማሪዎች በገዛ አፏ፣ "የልብ ክኒን የሚወስድ ሰው ላክሪስ ያበዛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ" ብላቸዋለች። ነገር ግን ያ ትምህርት ነበር፤ ይህ ደግሞ ላክሪስ ነው። በልጅነቷ እንባዋ የተጠረገበት፣ ከፍቅረኛዋ እጅ የመጣ ላክሪስ፤ መድኃኒት መሆኑ እንዴት ትዝ ይበላት? በአንድ እጇ መራራውን እያጠጣች በሌላው ስታስወጣው ኖራለች። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

"ምነው ደነዘዝሽ?" አሉ አስግሪም።

ስቫላ ወደ መስኮቱ አየች። "አስግሪም፣ የመጋረጃው ቀለም ምን ይመስልዎታል?"

"ምን ይመስላል? ነጭ ነዋ። ሳልኖር አጠባችሁት እንዴ?"

"ማንም አላጠበውም።"

"ዓርብ ዕለት ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበርኮ። ነግሬሽ ሳቅሽብኝ።"

ስቃ ነበር። ዓለም ብጫ ሆኖ የሚታየው ሰው፣ የልብ ክኒኑ በዝቶበታል ማለት ነው። ይህንንም አስተምራለች። ሽማግሌው ገና እቤታቸው ሳይሄዱ፣ ገና ኮልበይን አንዲት ክኒን ሳይነካ፣ ዓርብ ጠዋት በገዛ አንደበታቸው ነግረዋት፣ እሷ ቀልድ መስሏት ስቃ ትራሳቸውን አስተካከለች። ሰኞ ደግሞ፣ ደህና ነበሩ አለች።

ላክሪሷን ወደ ኪሷ መለሰች።

"ዛሬ የለም" አለች።

"እንዴት የለም? አሁን አይቻታለሁ!"

"የለም አልኩዎት።" ድምፅዋ ሻክሮ ወጣ። ሽማግሌው እንደ ልጅ አኩርፈው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ስቫላ ወጥታ የአንሶላ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እፍረት ግን እንደ ኀዘን አይደለም፣ እንባ አያወጣም፣ ዝም ብሎ ይፈጃል።

ያን ዕለት መናገር ነበረባት። የዚያኑ ዕለት፣ በዚያው ሰዓት። ወደ ቶርዲስ ክፍል እስከ በሩ ሄደች፤ ከበሩ በላይ የኬኩ ፎቶግራፍ ተለጥፎ አየች፤ ተመለሰች። ነገ አለች። ነገ ደግሞ የባሰ ሆነ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ኮልበይን አባቱን ሾርባ ሊያበላ መጣና፣ ማንኪያውን ይዞ በሩ ላይ ፈልጎ አገኛት።

"እስቲ እይልኝ" አላት። "ይህ ልክ ነው? ሾርባው ችግር የለውም?"

"ሾርባ ነው፣ ኮልበይን።"

"አውቃለሁ። አንቺ እይልኝ ግን።"

አየችለት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመርከብ ንድፍ የሚሥል ሰው፣ በቀጭን እርሳስ ፀጉር የሚያህል መስመር የሚያሰምር እጅ፣ የሾርባ ማንኪያ ፈርቶ ይንቀጠቀጣል። ስቫላ አፏን ከፈተች። "ችግር የለውም" ብቻ ብላ ዘጋችው።

አመሻሹ ላይ ከእናቷ ጋር ወደ ሙቁ ገንዳ፣ የከተማው ሰው ደጅ ላይ ወደሚነከርበት ፍል ውሃ፣ ሄደች። ሴቶቹ እስከ አንገታቸው ጠልቀው፣ ፀጉራቸው ላይ በረዶ እየጤዘ፣ የሳምንቱን ወሬ ያጣጥማሉ። በዚያ ገንዳ ውስጥ ያልተነገረ ነገር በከተማው ውስጥ አልተደረገም።

"የዓሣው ጌታ ልጅ አባቱን ሊደፋው ነበር አሉ" አለች አንደኛዋ።

"ውርሱ ቢዘገይበት ነዋ።"

"ተይ እንጂ፣ ስቶ ነው ይላሉ።"

"የሀብታም ልጅ ሲስት ስሕተት ነው፣ የእኛ ሲስት ወንጀል!" አለች ሩና። ፊቷ በእንፋሎቱ መሀል ያበራ ነበር። "እኔ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽማግሌው ሥራችንን ሸጠ። የኔ ልጅ ደግሞ ነፍሱን መለሰችለት። ከዚህ የበለጠ ምን ያሳፍረዋል? አይደል ስቫላ?"

ሁሉም ፊት ወደ እሷ ዞረ። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ያን ምሽት ግን የሚያሞግስ ፊት ከሚሰድብ ፊት ይልቅ አቃጠላት።

"ሙቀቱ በዛብኝ" አለችና ከገንዳው ወጣች። ውርጩ እርጥብ ገላዋን ሲገርፈው የሚገባት ቅጣት መሰላት። በቂ እንዳልሆነም አወቀች።

ቅዳሜ ጠዋት የአስግሪም ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ኮልበይን የአባቱን የቤት ልብሶች፣ እቤት ሲሄዱ የሚለብሷቸውን ሹራብና ሱሪ፣ ከእንግዲህ አያስፈልጓቸውም ብሎ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይከታል። ቶርዲስ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። ሽማግሌው ጣራ ጣራውን ያያሉ።

"ወደ ሥራዬ ልመለስ ነው" ይላል ኮልበይን። "ለእሱም የሚሻለው ይኸው ነው። እዚህ እናንተ አላችሁለት። እኔ እንኳን ክኒን፣ ሾርባም መስጠት ፈራሁ።"

"ማነው የሚሻለኝን የጠየቀኝ?" አሉ አስግሪም ጣራውን እያዩ።

"አባዬ፣ ገድዬህ ነበር።"

"አልገደልክም" አለች ስቫላ።

ሦስቱም ዞሩ። በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ከኪሷ የላክሪሱን ከረጢት አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን የምታስቀምጥበት ስታጣ ወደ ኋላ አጣመረችው።

"እኔ ነኝ" አለች። "ከሽሮፑ በኋላ በየቀኑ ላክሪስ ስሰጣቸው ነበር። ጠዋትም፣ ማታም፣ ለሌሊትም። ላክሪስ ፖታሲየምን ያወርዳል። ሽሮፑ የሚያስገባውን እሱ ሲያስወጣ ነበር። የልቡ ክኒን አልበዛም፤ አንተም አንድ ነገር አልሳትክም። ዓርብ፣ አንተ ገና ሳትወስዳቸው፣ መጋረጃው ብጫ ሆኖ እንደታያቸው ነግረውኛል። ስቄ ዝም አልኩ። ከዚያ ደህና ነበሩ አልኩ። ደህና አልነበሩም።"

ቶርዲስ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"የጋሪው ላይ ሳህን" አለች ቶርዲስ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። "እኔ ነኝ ያኖርኩት። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ።" ተነሣች። "ሪፖርት ይደረጋል፣ ስቫላ። ያንቺም የእኔም። ለሐኪሙ አሁን እደውላለሁ።" ወደ በሩ ስትሄድ ከረጢቱን አንሥታ ወሰደችው።

"እንዴ፣ ሙሽራዬን!" አሉ አስግሪም። ከዚያም እንደ መሳቅ ብለው፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ጠላቶቼን ስቆጥር ኖሬ፣ ሊጥለኝ የነበረው ላክሪስ?" አሉ። ልጃቸው አልሳቀም።

ኮልበይን ሹራቡን በእጁ እንደያዘ ነበር።

"መቼ አወቅሽ?" አላት።

ይህን ነበር የፈራችው። "ሐሙስ።"

"ሐሙስ" አለ። "ትናንት ማንኪያ ይዤ መጥቼ ይህ ልክ ነው ወይ ስልሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እጄን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"ላክሪሱን የገዛሁት እኔ ነኝ" አለ ኮልበይን፣ ረጋ ብሎ፤ እርጋታው ነው የገደላት። "አንቺም ለእሱ ብለሽ ነው የሰጠሽው። ሰው ይሳሳታል፣ በዚያ ቅር አይለኝም። ግን እኔ የአባቴን ዓይን ማየት አቅቶኝ ስሰነብት፣ አንቺ የእኔን ዓይን እያየሽ ዝም አልሽ። ለምን?"

ስቫላ ብዙ መልስ ነበራት። ሥራዬን ፈርቼ፤ እናቴ ኮርታብኝ፤ ኬክ ቆርሰውልኝ። ሁሉንም ምላሷ ላይ አገላብጣ አየችው፤ አንዱም ለዚያ ጥያቄ የሚበቃ ሆኖ አላገኘችውም።

"አፍሬ" አለች።

"እኔስ?" አላት። "እኔስ አላፈርኩም ነበር?"

አንገቷን ደፋች። ሲወጣ ትከሻው በትከሻዋ አጠገብ አለፈ፤ ሳይነካት። ሻንጣው አልጋው ላይ እንደተከፈተ ቀረ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ወደ ሙቁ ገንዳ ተመለሰች። ሴቶቹ ነበሩ፤ እናቷም ነበረች። ስቫላ ውሃው ውስጥ አልገባችም፤ ዳር ላይ ቆማ፣ ሁሉም ሊሰማ በሚችል ድምፅ፣ ላክሪሱን የሰጠችው እሷ እንደሆነች፣ ኮልበይን አንዳች ጥፋት እንደሌለበት፣ አውቃም ዝም እንዳለች ተናገረች። ሩና ዓይኗን በውሃው ላይ ተክላ ቆየችና ተነሥታ፣ ፎጣዋን ለብሳ፣ በልጇ አጠገብ አለፈች።

እቤት ሲደርሱ ሩና ድንች እየላጠች ጀርባዋን ሰጥታት ነበር የተናገረችው።

"ሽማግሌውን ይቅር አልልም። እሱ ሌላ ነው።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"

"ልጁን ግን በማላውቀው አማሁት። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ።" ቢላዋ ቆመ። "አፍሽን ይዘሽ አሳማሽኝ፣ ስቫላ። ያ ነው ያናደደኝ።" ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተናገረችም፤ ማታ ግን የልጇን ሳህን እንደ ወትሮው ሞልታ አቀረበችላት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠራ። ሪፖርቱ ተጻፈ፤ ሐኪሙ ሽሮፑን አስተካከለ፤ የላክሪስ ሳህኑ ከጋሪው ላይ ተነሣ፤ አስግሪምም ቅዳሜና እሑድ እቤታቸው መሄድ ተፈቀደላቸው። ስቫላ ከሥራዋ አልተባረረችም፤ ለጊዜው ግን መድኃኒት የምትሰጠው ሌላ ነርስ አጠገቧ ቆማ እያየች ነው። በየጠዋቱ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ ስታደርግ ጉንጯ ይቀላል። ኮልበይን አልሄደም፤ ሻንጣው ተፈትቷል። እሷ ፈረቃ ስትገባ ግን እሱ ይወጣል፤ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ በደረቁ ሰላምታ ይሰጣታል፣ ለማንኛውም ሰው እንደሚሰጠው።

የክረምቱ ድግስ ቀን ስቫላ የሌላ ነርስ ፈረቃ ለምና ወሰደች። ሁሉም የሚሄድበት ቦታ ላለመሄድ ሥራ የመሰለ መደበቂያ የለም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከተማው ገበታ ገበታውን ተሸክሞ፣ በመኖሪያው ፊት ለፊት አልፎ፣ ወደ አዳራሹ መውረድ ጀመረ። ሳቃቸው ይሰማታል። መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ዘጋች፤ መጨረሻ ላይ ወደ አስግሪም ክፍል ገባች፣ የእሳቸውንም ዘጋች።

"ለምን ትዘጊዋለሽ?" አሉ አስግሪም። ክራባት አድርገዋል።

"ብርድ ይገባል።" ክራባቱን አየች። "የት ሊሄዱ ነው?"

"የትም አልሄድም። ድግሱ ነው ወደኔ የሚመጣው።"

በሩ በክርን ተገፋ። ኮልበይን ነው፤ ሁለት እጁን ሙሉ የእንጨት ገበታ ይዟል። ስቫላን ሲያይ አልተመለሰም። ገበታውን የአልጋው ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ጨርቁን ገለጠ፤ የደረቀ ዓሣ፣ ቅቤ፣ በጢስ የደረቀ የበግ ሥጋ፣ በእርጎ ውሃ የኮመጠጠ ቋሊማ፣ ድንች።

ስቫላ ልትወጣ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰች።

"ቆይ" አላት። ሥጋውን በቢላው ጫፍ ጠቆመ። "ይህን መብላት ይችላል?"

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ታውቀዋለች፤ ጨው የበዛበት ሥጋ ለእንዲህ ያለ ልብ አይሆንም፣ ቁራሽ ግን ይቻላል። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ደህና ነበሩ ያለውም ይኸው ምላስ ነው።

"ላጣራ" አለች።

ወጣች። በመድኃኒት ክፍሉ የአስግሪምን መረጃ ከፍታ አነበበች፤ አብራት ያለችውን ነርስ ጠየቀች፤ ተመልሳም፣ "ከሥጋው ቁራሽ ብቻ። ከዓሣው ይብሉ፣ ቅቤው ጨው አለበትና ትንሽ" አለች።

"ድንቹስ?"

"ቆይ፣ ላጣራ።"

ሽማግሌው አቃሰቱ። "በዚህ ዓይነት የምበላው ለፋሲካ ነው።"

ኮልበይን ግን ጠበቃት። ለሁሉም ጠበቃት፤ ለቋሊማውም፣ ለዳቦውም፤ በየመሀሉ ኮቱን አወለቀ፣ ወንበር ሳበ። ለመጨረሻ ጊዜ ስትመለስ ገበታው ዳር ሦስት ቢላ ተደርድሮ አየች። አንዱ የአስግሪም፣ አንዱ የኮልበይን። ሦስተኛውን አየችና ቀና ብላ አየችው።

"አልታረቅኩሽም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ገና ተቆጥቻለሁ።"

"መቆጣት ይገባሃል።"

"ገንዳው ዳር ቆመሽ የተናገርሽውን ግን ሰምቻለሁ።" ባዶውን ወንበር በእግሩ ወደ እሷ ገፋው። "ተቀመጪ።"

ስቫላ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። እፍረቷም አብሯት ተቀመጠ፤ የትም አልሄደም። ቢላውን አንሥታ፣ ሳትቆርስ ያዘችው።

"ጨለማ ውስጥ ነው እንዴ የምንበላው?" አሉ አስግሪም። "ድግስ ነው፣ እስቲ አንዳችሁ መጋረጃውን ክፈቱት።"

ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ግማሹ ከተማ ገና በመንገዱ ላይ ነው፣ እናቷም አንዷ ትሆናለች፤ መጋረጃው ቢከፈት በማን ገበታ እንደተቀመጠች ሁሉም ያያል። ኮልበይን አልተነሣም። እሷን እያየ ጠበቀ።

ስቫላ ቢላዋን አስቀመጠች። ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ጉንጯ እንደቀላ፣ ነጩን መጋረጃ በሁለት እጇ እስከ ጥጉ ድረስ ከፈተችው።